የልጆቻችን ቲያትር ከሰኔ 30 ይለይልን

ለወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት
ለትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህርና መምህራን
ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አባላት

ጉዳዩ፦ የትምህርት ቤቱ ዓመታዊ ቲያትር በበልግ አጨዳ ሰሞን እንዳይቀርብ ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

በደቡብ ወሎ ደጋ፣ በበልግ ገብስ በሚተዳደር ቀበሌ የምኖር አርሶ አደርና የአራት ልጆች እናት ነኝ። ትምህርቴን እስከ አሥረኛ ክፍል ተከታትያለሁ፤ ሦስቱ ልጆቼ ዛሬ የእናንተ ተማሪዎች ናቸው። የምጠይቃችሁ ነገር አንድ ነው። ልጆቻችን በየዓመቱ አዘጋጅተው የሚያሳዩት ቲያትር ሰኔ 30 ከሰርተፍኬት ጋር መቅረቡ ይቅርና ገበሬው ከእርሻ ሥራ በሚያርፍበት የግንቦት ቀን ይሁንልን። ለዘንድሮው ለ2018 የትምህርት ዘመን የማቀርበው ቀን ግንቦት 12፣ ረቡዕ ነው። ምክንያቴን አንድ በአንድ እጽፋለሁ፤ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

በግልጽ መጻፌ ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ጉዳዩ የእኛ ትምህርት ቤት ብቻ ስላልሆነ ነው። በመንዝ፣ በመቄት፣ በግዳን፣ በለጋምቦ፣ በደሴ ዙሪያ ደጋዎች በበልግ የሚኖር ብዙ ወላጅ ሰኔ 30 ማጭድ እንደያዘ ነው የሚመሽበት። የእነዚያ ወረዳዎች ጽሕፈት ቤቶችም ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ያደጋችሁት በመኸር አብቃይ አገር ነው። በእናንተ አገር ሰኔ የእርሻና የዘር ወር ነው፤ አዝመራው የሚታጨደው ከመስቀል በኋላ ነው። እኛ ዘንድ ዓመቱ የሚዞረው በሌላ መንገድ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር በሚደርሰውና በሚያልፈው ደጋችን ክረምቱ ለእህል አይራራም። መሬቱ ውሃ ይቋጥራል፣ በረዶ ይወርዳል፣ ከዚያ ሁሉ የተረፈውን ቡቃያ ደግሞ የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ይመታዋል። አባቶቻችን ይህን አይተው ኑሯቸውን በበልግ ላይ አሳረፉ። በአገር ደረጃ ሲታይ የበልግ እህል ከዓመቱ ምርት ትንሹ ድርሻ ነው፤ በሬዲዮም በጋዜጣም ብዙ የሚወራለት አይደለም። ለእኛ ግን ዓመቱን ሙሉ የሚበላው እርሱ ነው።

ከጥር ጀምሮ ዓይናችን ሰማይ ላይ ነው። በየካቲት ዝናቡ ጠብ ሲል በሬዎች ይጠመዳሉ፣ ጓል ይከሰከሳል፣ ከአፋችን ነጥለን ያስቀመጥነው የገብስ ዘር ይበተናል። ዘሩ እስከ መጋቢት አጋማሽ አፈር ካልገባ ሳይደርስ ክረምት ይገባበታል። የበልግ ሰሞን ደጋችንን ያላየ ሰው ምን እንደጎደለበት አያውቅም። በሚያዝያ ተራራው ከታች እስከ ላይ አረንጓዴ ይለብሳል፤ ባቄላው ያብባል፣ ግልገሎች ሜዳውን ይሞሉታል፣ ማለዳ ላይ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ቤታችንን አልፎ ይሄዳል። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ገሚሶቹ ከብት ይጠብቃሉ፣ ገሚሶቹ ከእኛ ጋር አረም ያርማሉ። ችግራችን ብዙ ነው፤ ይህን ወቅት ግን በሌላ አገር ኑሮ አልለውጠውም።

በግንቦት ገብሱ ዛላ ያወጣል። በሰኔ አጋማሽ መድረስ ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ ከክረምቱ ጋር እሽቅድምድም ነው። ቀድመን ካላጨድን፣ ካልከመርን፣ በጠባብ የፀሐይ ፋታ ካልወቃን ዝናቡ ነዶው ላይ ይወርድና እህሉ በክምሩ ላይ እንዳለ ያቆጠቁጣል። ያቆጠቆጠ ገብስ ለዘርም ለእንጀራም አይሆንም። በልግ ጨርሶ ሲቀር ምን እንደሚመጣ ደግሞ ሁላችንም አይተናል። በ2007 ዓ.ም. በልጉ ከሸፈ፣ ተከትሎ የመጣውን ክረምትም ኤልኒኞ አዛባው። በ2008 ዓ.ም. አስቸኳይ የምግብ እርዳታ ይሻል ተብሎ የተነገረለት ወገናችን ቁጥር 10.2 ሚሊዮን ነበር። እንግዲህ ሰኔ 30 ለምን እንደምንቀር ይህ ነው መልሱ። ልጆቻችንን ንቀን አይደለም፣ የትምህርትን ዋጋ ሳናውቅ ቀርተንም አይደለም።

ይህን የምጽፈው በየስብሰባው “የወላጅ ተሳትፎ ዝቅተኛ ነው” የሚል ሪፖርት ሲነበብ ስለምሰማ ነው። ሪፖርቱ በዚያ ቀን የነበረውን ወንበር ቆጥሮ ይሆናል። ጦርነቱ በደረሰብን ጊዜ ትምህርት ቤታችን ተዘግቶ ሲከፈት፣ የተሰበረውን ዴስክ የጠገነው፣ የመማሪያ ክፍሎቹን ግድግዳ በጭቃና በጭድ የመረገው ይኸው ወላጅ ነው። ያን ጊዜ የተጠራነው ከአጨዳ ሰሞን ውጭ ስለነበር ያልመጣ ቤተሰብ አልነበረም።

አሁን ስለ ባለፈው ዓመት ቲያትር ልንገራችሁ፤ የደብዳቤዬ ዋና ነገር እርሱ ነውና።

የድራማ ክበቡን የሚመራው ወጣት የአማርኛ መምህር ልጆቹን ሰብስቦ “ከቤታችሁ ታሪክ ጠይቃችሁ ኑ” አላቸው። አምስተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ደብተሯን ይዛ አማቴ ፊት ተቀመጠች። አማቴ የሰባ ሰባቱን ድርቅ በጉብዝናዋ ያየች፣ ከዚያም ሁለት ልጆች የቀበረች ሴት ናት። ለእኔ ስንት ዓመት አብረን ስንኖር ያልነገረችኝን ለልጅቱ ነገረቻት። በሬው መጀመሪያ እንደተሸጠ፣ ቀጥሎ የቤቱ ክዳን፣ በመጨረሻም ለዘር የተቀመጠችው ቁና ገብስ እንዴት ተቆልታ እንደተበላች ነገረቻት። “ዘሩን የበላን ቀን ሰው መሆናችን ቀረ” አለቻት። ልጄም እንደወረደ ጻፈችው።

ልጆቹ ከየቤቱ ያመጡትን አንድ ላይ አደረጉና ታሪክ ሠሩ። በልግ የቀረበት ዓመት ነው። አባት በሬውን ይሸጣል። ገንዘቡ ሳያልቅ ደላላ ወደ ቤቱ ይመጣል፤ ስምንተኛ ክፍል የደረሰችውን የቤቱን ታላቅ ልጅ ወደ ዓረብ አገር ልስደድልህ ይላል። አባት ይስማማል፣ እናት ዝም ትላለች። አያት ደጃፍ ላይ ተቀምጣ መንገድ ትዘጋለች፤ “በሰባ ሰባት ዘሬን በላሁ፤ ዛሬ ግን ልጄን አልበላም” ትላለች። የአያቲቱ ቦታ ለልጄ ተሰጣት።

ከየካቲት ጀምሮ እስከ ሰኔ ያ ቲያትር ከቤታችን አልወጣም። አረም ላይ ስንውል ልጄ የአያቲቱን ቃል ትላለች፣ ታናሽ ወንድሟ የእናትየውን ይመልሳል። ባለቤቴ ፊደል አልቆጠረም፤ የደላላውን ንግግር ግን በጆሮው ብቻ ይዞ በሬ እየነዳ ይለው ነበር። ወንፈል የመጡ ጎረቤቶቻችን ሳይቀሩ የአባትየውን ክፍል እየተቀባበሉ ይሉት ጀመር። አንድ ቀን የሠፈራችን ሰው የሆኑ አንድ አባት “ይህ አባት ምን ያድርግ፣ እናንተስ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?” ብለው ጠየቁና ሥራው ቆሞ ሁሉም መከራከር ያዘ። እኔ በዚያ ማሳ ላይ የሰማሁትን ያህል እውነተኛ ውይይት በየትኛውም የቀበሌ ስብሰባ ሰምቼ አላውቅም። ሰው የልቡን ተናገረ። ልጁን ልኮ የጸጸተው ነበር፤ ልጁ በላከችለት ገንዘብ ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰም ነበር፤ ሁለቱም እዚያው ቆመው ተነጋገሩ።

ሰኔ 30 መጣ። ከዚያ በፊት ሦስት ቀን ዝናብ ጥሎ ነበርና በዚያ ማለዳ ፀሐይ ስትወጣ ያላጨደ ሰው አልነበረም። ልጄ የቤታችንን አሮጌ ቀንበርና የአያቷን ባና ይዛ ብቻዋን ሄደች። ከእኛ ሠፈር እዚያ የተገኙት አማቴና እንደ እርሷ ማጭድ መያዝ ያቆሙ ሦስት አረጋውያን ናቸው። የፊተኛው ረድፍ ከወረዳ የመጡ እንግዶች፣ ከዚያ የቀበሌ ሠራተኞች፣ ከዚያ ተማሪዎች እንደነበሩ አማቴ ነግራናለች። እንግዶቹ በጣም አጨበጨቡ፤ ለክበቡም ምስጋና ተሰጠ። እኔ ለዚህ አመስጋኝ ነኝ፤ የደከሙ ልጆች መጨብጨብ ይገባቸዋል።

ነገር ግን ያ ቲያትር ለማን ነበር የተጻፈው? ከተቀመጡት እንግዶች መካከል በዚያ ዓመት ደላላ ቤቱ ገብቶ ያነጋገረው አንድም ሰው አልነበረም ብዬ አምናለሁ። ልጁን ልላክ አልላክ ብሎ ሌሊት የሚገላበጠው ሰው ማሳ ላይ ነበር። ከእኛ አካባቢ ስንቶቹ ልጆች በአፋር በረሃ አቋርጠው፣ ከጅቡቲ ባሕር ተሻግረው፣ በየመን አልፈው እንደሄዱ እናንተም ታውቃላችሁ። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ከእነርሱ መካከል የእኛ አካባቢ ልጆች ነበሩ፤ ከተመለሱትም እንደገና የሄዱ አሉ። ይህን ጉዳይ በሥልጠና፣ በፖስተር፣ በድምፅ ማጉያ ስትነግሩን ኖራችኋል። ልጆቻችን ከሁላችሁ የተሻለ አድርገው ሊነግሩን ሲነሡ ግን እኛ በሌለንበት ቀን ተናገሩ።

ሌላም ነገር አለ። ትምህርት ቤቱ ለወላጅ የሚሰጠው ነገር ሁሉ ወረቀት ነው። ሰርተፍኬቱ፣ ደረጃው፣ የጥሪ ደብዳቤው፣ የፈተናው ውጤት። በቀበሌያችን ከግማሽ የማያንሱ ወላጆች እነዚህን ወረቀቶች ተቀብለው ልጃቸው “ምን ይላል?” ብለው ይጠይቃሉ፤ ልጁ ያለውንም ያምናሉ። ቲያትሩ ግን ማንም ሳያነብለት፣ ማንም ሳይተረጉምለት ያልተማረ ወላጅ ሙሉ በሙሉ የሚቀበለው ብቸኛ ነገር ነው። ባለቤቴ የልጁን ሰርተፍኬት መመርመር አይችልም። ልጁ በሁለት መቶ ሰው ፊት ቆማ ሳትንተባተብ ስትናገር ቢያይ ግን ትምህርት ምን እንዳደረገላት በዓይኑ ያውቀዋል። የሚቀጥለው ዓመት በልግ ቢከፋ፣ ደላላው በእውነት ቢመጣ፣ ያ ያየው ነገር በልቡ ይኖራል። የወሎ ሰው ደግሞ በመንዙማውም በእንጉርጉሮውም ቃል ማድመጥ ያደገበት ነው፤ አድማጭ አታጡም።

ይህን የልጅ ጨዋታ ብሎ የሚያቃልል ካለ የአገራችን ዘመናዊ ቲያትር በትምህርት ቤት ግቢ እንዳደገ ያስታውስ። ከጣሊያን ወረራ በፊት ዮፍታሔ ንጉሤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት፣ መላኩ በጎሰው በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተውኔት እየጻፉ በተማሪዎቻቸው ያሠሩ ነበር። አሁን ባለው ሥርዓተ ትምህርትም የክወናና እይታ ጥበባት ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ሆኖ ይሰጣል። እንግዲያው ቲያትሩ የዓመቱ መዝጊያ ማድመቂያ ብቻ መሆን የለበትም፤ ትምህርት ነው፣ ትምህርት ደግሞ ተቀባይ ይፈልጋል።

ወደ ቀኑ ልመለስ። ብዙ አስቤበታለሁ፤ ከጎረቤቶቼም ጋር ተመካክሬበታለሁ። እሑድ ይሁን ብንል መምህራን ዓርብ ማታ ወደ ቤተሰቦቻቸው ስለሚሄዱ ብቸኛ የእረፍት ቀናቸውን መንጠቅ ይሆናል፤ እርሱን አልፈልግም። ነገር ግን ገበሬው የማያርስባቸው፣ ትምህርት ቤት ግን የማይዘጋባቸው ቀናት አሉ። በየወሩ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ ወልድ ክርስቲያን ገበሬ በሬ አይጠምድም፣ መሬት አይነካም። መምህራን በዚያ ቀን በሥራ ላይ ናቸው፤ ተማሪዎችም በክፍል ውስጥ ናቸው። ወላጅ ቤቱ ተቀምጦ፣ ልጅ ትምህርት ቤት የሚውልበት ቀን ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ ከየት ይመጣል?

ዘንድሮ ግንቦት 21 ዓርብ ላይ ይውላል፤ ለጁምዓ ሰጋጆች አይመችም፤ ደግሞም የአረፋ በዓል በዚያው ሰሞን ነው። ግንቦት 29ም ፈተናው አፋፍ ላይ ነው። ግንቦት 12 ግን ረቡዕ ነው። የሚካኤልና የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ቀን በመሆኑ ክርስቲያኑ በሙሉ እጁ ያርፋል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በዚያ ቀን ሥራ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ይህን ደብቄ አላልፍም። ጠይቄያቸው የሰጡኝ መልስ ግን ግልጽ ነው፤ በግንቦት የቀረው ሥራ አረም ነው፤ አረም ግማሽ ቀን ይጠብቃል፣ አጨዳ ግን አንድ ሰዓት አይጠብቅም። ወንፈላችንም ድብልቅ ስለሆነ ክርስቲያኑ ባረፈበት ቀን ብዙው የጋራ ሥራ ይቆማል። ከዙህር ሶላት በኋላ ቢጀመር ሁሉም ይደርሳል። ቀኑ ከመቆረጡ በፊት የመስጊዱ ኢማምና የደብሩ አስተዳዳሪ አንድ ላይ ቢጠየቁ ደግሞ የተሻለ ነው፤ እኛ ሠርጋችንንም ለቅሷችንንም እንዲሁ ተጠያይቀን ነው የምናደርገው።

“ልምምዱ ከፈተና ዝግጅት ጋር ይጋጫል” የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። በእኔ እይታ የሚጋጨው አሁን ያለው አሠራር ነው። ሰኔ 30 ይታያል ሲባል ልጆቹ ፈተና የሚያጠኑበትን ሰኔን በልምምድ ያሳልፋሉ። ግንቦት 12 ካለቀ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለጥናት ነፃ ይሆናል። የስድስተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ክልላዊ ፈተና ስለሚጠብቃቸው እነርሱ ከማንም በላይ ይጠቀማሉ።

“የወረዳ እንግዶች በዓመት ሁለት ጊዜ መምጣት አይችሉም፤ በጀትም የለም” የሚል ሊኖር ይችላል። እንግዶቹ ሰኔ 30 ይምጡ፤ ሰርተፍኬቱን ይስጡ፣ ንግግራቸውን ያድርጉ፤ ልጆቹም መዝሙር ይዘምሩላቸው። ግንቦት ላይ የምንፈልገው እንግዳ ወላጁን ነው። ድግስ አያስፈልግም። በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ፤ ለዚያ ቀን መዋጮ አትጠይቁን። ግንቦት በበልግ አገር የክፉ ቀን ወር ነው፤ ያለፈው አልቋል፣ የሚመጣው አልደረሰም። አምስትና አሥር ብር ቢባል እንኳ ያ ገንዘብ የሌለው አባት አፍሮ ይቀራል። ባዶ እጁን መጥቶ ሣሩ ላይ ተቀምጦ ልጁን ይይ።

“ካላንደሩ ከክልል የሚወርድ ነው” ለሚለውም፣ የጠየቅሁት ነገር ከካላንደሩ አንድ የትምህርት ቀን አይቀንስም። የሚነካው የአንድ ቀን ከሰዓት በኋላን ነው፤ እርሱም ከዓመቱ መጨረሻ ወደ ግንቦት የሚዛወር እንጂ የሚጨመር አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የትምህርት አስተዳደር ያልተማከለና ኅብረተሰቡን ያሳተፈ እንዲሆን አዝዞ ነበር። የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድም፣ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረትም የተቋቋሙት እንዲህ ያለውን ነገር እዚሁ ተነጋግረን እንድንወስን ነው። ለዚህ ከባሕር ዳር ደብዳቤ መጠበቅ አለብን ብዬ አላምንም።

ከቀኑ ጋር አብሮ የሚሄድ አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም የልምምዱ ሰዓት ነው። ልምምድ የሚደረገው ትምህርት ካለቀ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት የሩቅ ሠፈር ልጅ ከብት የሚጠብቅበት ተራ አለው፤ መንገዱም የአንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ዳገት ነው፤ ሴት ልጅ ደግሞ መሽቶባት እንድትመለስ ወላጅ አይፈቅድም። በመሆኑም በየዓመቱ የሚመረጡት ልጆች የቀበሌው መሃል ነዋሪዎች ናቸው። ልጄ እንኳ የቀጠለችው ታላቅ ወንድሟ እየጠበቀ ስለሚያመጣት ነው፤ ከእርሷ ጋር የተመረጡ ሁለት የላይ ሠፈር ልጆች ግን ጥቂት ጊዜ ተለማምደው ቀሩ። አንደኛው እረኛ ነው፤ ዋሽንት ሲነፋ፣ የሽማግሌ ድምፅ ሲያወጣ ሰውን ሁሉ የሚያስደንቅ ልጅ ነው። የክወናና እይታ ጥበባት ክፍለ ጊዜ በሳምንት ካለ፣ ልምምዱ በከፊል በዚያ ቢያዝ እነዚህ ልጆች አይቀሩም። የዘር ሰሞን በሆነው ከየካቲት አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ደግሞ ልምምዱ ቢላላና ቃሉን በየቤታቸው እንዲያጠኑ ቢደረግ ጥሩ ነው። በቤት የሚጠና ቃል ቤተሰቡንም እንደሚያስተምር በራሴ ቤት አይቻለሁ።

በእኛ በኩል የምናደርገውን ልጻፍ፤ ይህን ከሠፈሬ ሰዎች ጋር ተስማምቼ ነው የማሰፍረው። መድረኩን በድንጋይና በአፈር ደልድለን ከፍ እናደርገዋለን፤ አሁን ልጆቹ የሚቆሙት ሜዳው ላይ ስለሆነ ከሦስተኛ ረድፍ በኋላ ያለ ሰው አያያቸውም። ለመጋረጃ ባና እናመጣለን። ዝናብ ቢመጣ የሚወጠር ሸራ ሁለት ቤቶች ያውሱናል። ቀንበሩን፣ ሞፈሩን፣ ጎታውን፣ ለመድረክ የሚያስፈልገውን የቤት ዕቃ ሁሉ ራሳችን ተሸክመን መጥተን ራሳችን እንመልሳለን። የላይ ሠፈር ልጆች ሲመሽባቸው የሚሸኟቸው ሰዎችም በየሠፈሩ እንመድባለን። መምህሩ የሚፈልገው ሌላ ነገር ካለ ይንገረን።

ለመምህሩ ለብቻው አንድ ቃል አለኝ። ልጆቻችንን ወደ አያቶቻቸው ልከህ ታሪክ ያስጠየቅህ አንተ ነህ። በእኔ ቤት ስንት ዘመን ያልተነገረ ነገር በአንተ የቤት ሥራ ምክንያት ተነገረ። ዘንድሮም እንዲሁ አድርግ። ብትችል ደግሞ ቲያትሩ ካለቀ በኋላ ጥቂት ጊዜ ተውልን፤ በማሳው ላይ እንደተደረገው ልጆቹም ወላጆቹም በአንድ ቦታ ሆነው ያዩትን ይነጋገሩበት። አባት ሆኖ የተጫወተው ልጅ አባቱ ፊት ቆሞ “አንተስ ምን ታደርግ ነበር?” ብሎ ቢጠይቅ መልሱን መስማት እፈልጋለሁ።

ክበቦች የዓመት ዕቅዳቸውን የሚያወጡት በዚህ በጥቅምት ወር መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ነው ዛሬ መጻፌ። ጽሕፈት ቤቱና ርዕሰ መምህሩ ጉዳዩን በመጪው የኅዳር ወር የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ አጀንዳ አድርገው እንዲያቀርቡልን፣ ውሳኔውም በእለቱ በጽሑፍም በቃልም እንዲነገረን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ስብሰባው ኅዳር 29 ቢጠራ ሁላችንም እንገኛለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የአምስተኛ፣ የሦስተኛና የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች እናት
ደቡብ ወሎ
ጥቅምት 2018 ዓ.ም.